ሚስተር ሲሄድ ማሽኑ ለምን ይቆማል?

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ የምግብ ፋብሪካ፣ በሰው ኃይል ክፍል ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። ስሙን ልተወው፤ ጉዳዩ የእሱ ብቻ አይደለም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የማሸጊያው ማሽን ቆመ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት በራ ጠፋ ይላል፣ ከሥሩ ፓስዎርድ ይጠይቃል። ፓስዎርዱን የሚያውቀው ከሕንድ የመጣው ቴክኒሻን ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ “ሚስተር” ይለዋል። ሚስተር ደግሞ በአማራ ክልሉ ግጭት ምክንያት መንገዱ ሲዘጋጋ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ወጥቶ አገሩ ገብቷል። ስልኩ አይነሣም። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጠው ስድስት ቀን ዋሉ።

በእነዚያ ቀናት ቢሮ ውስጥ ሲወራ የነበረው የሚስተር ክፋት ነው። “ሆን ብሎ ነው የቆለፈው።” “እነሱ እኮ ሙያቸውን አይሰጡም።” “በእሱ ደመወዝ ስንት የእኛ ልጅ ይቀጠር ነበር!” እኔም ዝም አላልኩም፤ አብሬ አማሁት። በኋላ ማኅደሩን አውጥቼ ውሉን አነበብኩት። ስለ ቤት ኪራዩ አለ፣ ስለ አውሮፕላን ቲኬቱ አለ፣ ስለ መኪናው አለ። ማንን እንደሚያሠለጥን ግን አንድ መስመር የለም። ውሉን ያዘጋጀው ደግሞ የእኛው ክፍል ነው።

መላ ያገኙልን እትዬ የምንላቸው የካፌው ወጥ ሠሪ ናቸው። “ያ በያጁ ልጅ አይደል ከሚስተር ጋር ምሳ የሚበላው? እሱን አትጠይቁትም?” አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስተር ሥጋም ዕንቁላልም አይበላም። እትዬ መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው “ምነው፣ ፍስክ እኮ ነው!” ሲሉ ነበር፤ ውሎ አድሮ “ይኼስ ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ነው” ብለው ሽሮውንም ድንች ወጡንም ያለ ቅቤ ለብቻው ያወጡለት ጀመር። የሚቀመጠው ግን ጥግ ላይ ብቻውን ነበር። ሌላው ብቻውን የሚበላ ሰው በያጁ ነው። አባቱ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡ ባለሙያ ናቸው። እንዲህ ያለውን ቤተሰብ እኛ ዘንድ ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ ስለ ዓይኑም ምን እንደሚያወሩ ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከእሱ ጋር አንድ ትሪ ላይ እጁን የሚሰድ አልነበረም። ሁለቱ ብቸኞች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙና በተሰባበረ እንግሊዝኛና በእጅ ምልክት ሁለት ዓመት አወሩ።

በያጁ ተጠርቶ መጣ። ከኪሱ ጠርዙ ዘይት የጠጣ ደብተር አወጣ። እያንዳንዱ የስህተት ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ ተጽፏል፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ፓስዎርዱ አለ። ከምሳ በፊት ማሽኑ ተነሣ። “ስድስት ቀን ሙሉ ምነው ዝም አልክ?” ብዬ ብጠይቀው “ማን ጠየቀኝ ጋሼ?” አለኝ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው ግን ከትሪ ተገልሎ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከውጭ ሠራተኛ መቅጠር ይብቃ የሚሉትን በግማሽ እረዳቸዋለሁ። ቡሬም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ደብረ ማርቆስም ዲግሪ ይዞ የተቀመጠ ወጣት ሞልቷል። ሕጉም ለእሱ ያደላል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ ለ3 ዓመት ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይታደሳል፤ ሰውየው ለሥራው አያስፈልግም ከተባለ ይሰረዛል። የኢንቨስትመንት ሕጉም አሠሪው ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኖ እንዲተካ ያስገድዳል። እኛ ጋ ይህ ግዴታ ፈቃድ ሊታደስ ሲል አንድ ስም ተሞልቶ የሚላክበት ፎርም ሆኖ ቀርቷል። የተሞላው የማን ስም እንደነበር ብናገር ትስቃላችሁ፤ የግዥ ክፍሉ ጸሐፊ ነበር።

ባሕር ዳር በዚህ ረገድ ጥሩ ትምህርት አላት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ። ያኔ የመጡት የውጭ ሰዎች ሥራቸው ማስተማር ነበር፤ ሲሄዱ ተማሪዎቻቸው ቀሩ፣ ቤቱም አድጎ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አካል ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን የዓባይ ድልድይ የሠራው የቻይና ተቋራጭ ነው። ስንቶቹ ልጆቻችን ከዚያ ምን ሙያ ይዘው ወጡ ብሎ በምረቃው ዕለት ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው የለም። ርዝመቱን ግን ሁላችንም በቃል እናውቃለን።

ስለ አካታችነት ሲነሣ ከፈረንጅ የመጣ ፋሽን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው፤ በያጁ ግን ካፌው ውስጥ ከሰው ትሪ ተገልሎ ይበላ ነበር። ከአዊ የመጣች፣ አፏን በአውኚ የፈታች የፈረቃ ኃላፊም ነበረችን፤ አማርኛዋ እንዳይሳቅባት በስብሰባ አንድ ቀን አፏን ሳትከፍት ለቀቀች። አካል ጉዳተኞችንማ ስለ ሥራ መብታቸው የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቢያውቃቸውም የእኛ ደረጃ አያውቃቸውም፤ የቅጥር ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ ሊፍት የለውም።

እኛ ደግሞ ይህን ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ቤይሩት ወይም ጅዳ የተሰደደ ዘመድ የሌለው ቤት ስንት ነው? ፓስፖርቷን አሠሪዋ የቀሟት፣ ስሟን ትተው በሌላ ስም የሚጠሯት፣ ምግቧን ኩሽና ቆማ የምትበላ እህት ደውላ ስትነግረን አልቅሰናል። እዚህ መጥቶ የሚሠራውን ሰው ስም ለመያዝ ግን አልተጨነቅንም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ “ሚስተር” ነበር። ስሙን ያየሁት ማኅደሩን ስከፍት ነው።

ከወጣሁ በኋላ ለቀድሞ አለቃዬ አንድ ወረቀት ጽፌ ነበር። ከውጭ ለሚመጣ ባለሙያ ውሉ ላይ ሁለት ተተኪ በስም ይጻፍ፤ አንዱ ከሌሊት ፈረቃ ይሁን። ፓስዎርድና የመሣሪያ ቁልፍ በፖስታ ታሽጎ ካዝና ይቀመጥ። የመጨረሻው ወር ክፍያ ተተኪው ማሽኑን ብቻውን አንድ ፈረቃ ካሠራ በኋላ ይፈጸም። የካፌው ትንንሽ ጠረጴዛዎች ወጥተው ረጃጅም ይግቡ፤ አለቆቹም እዚያው ይብሉ። የመጨረሻዋን ሲያነብ “ይኼ ደግሞ የአናጢ ጉዳይ ነው” ብሎ ሳቀ።

ባለፈው ወር በዚያ በኩል ሳልፍ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አነበብኩ። ሁለት የውጭ አገር ቴክኒሻኖች ይፈልጋሉ። የተተኪ ነገር አልተጻፈበትም። ጥበቃውን ስለ በያጁ ብጠይቀው “ለቀቀ እኮ” አለኝ፤ “አዲስ አበባ ነው አሉ። ያቺን ደብተርም ይዟት ሄደ።”