ለፈረስ ነው ወይስ ለአራስ?

የፈለገ ይሳቅ፣ እኔ ግን ዛሬ ዝም አልልም።

የጋሪ ፈረሴ ዳማ ሌሊቱን ሙሉ ሆዱን ሲቆርጠው አደረ። ዞሮ ጎኑን ያያል፣ በኮቴው መሬት ይጭራል፣ ይወድቃል፣ ይንከባለላል፣ ይነሳል፣ ላብ በላብ። ፋንድያ የሚባል የለም። ገመዱን ይዤ ሳዞረው ነጋ። ፈረስ እኮ አያስመልሰውም! እኛ ብንሆን ጣታችንን ጉሮሯችን ከትተን እንገላገላለን፤ እሱ የዋጠው ወይ ወደ ታች ይወርዳል ወይ ይገድለዋል።

ሁሉም ከሱቅ ከገዛሁለት ከዚያ ፉርሽካ ነው። ጆንያው ከላይ ሲያዩት ምንም አይልም፣ ከወገቡ በታች ግን እርጥበት ገብቶት ተጋግሯል፣ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል። ተሸክሜ ለባለሱቁ መለስኩለት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሻግቷል» አልኩ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ። ዞር ብሎም አላየው። ሱቁ በሰው ጢም ብሏል።

«ስማ አንተ፣ እንዲህ የምትመርጠው ለፈረስ ነው ወይስ ለአራስ?»

ሱቁ በሳቅ ፈነዳ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እየተንፈቀፈቁ ነው። «ሻጋታ ፈረስ ይገድላል» ስል «እንግዲያ አጥሚት አፍላለት!» አለኝ። ሁለተኛ ዙር ሳቅ። ብሬን ስለውማ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ካርቶን በአገጩ አሳየኝ። የሰውዬው ካዝናም እንደ ዳማ ሆድ ነው፣ የገባ አይወጣም።

አጥሚት! እኔ ራሴ ቁርስ ሳልቀምስ!

ሐኪም ጋ ስሮጥ «ስብሰባ ገብቷል»። መቼ ነው የማይሰበሰበው? መድኃኒት ቤቱ ደግሞ ለበሬ የሚሰጠውን አውጥቶ «ያው ነው» ይለኛል። ሰፈሩማ በሙሉ ፕሮፌሰር ነው። «አረቄ በአፍንጫው ጋተው»! ሳንባው ከገባ ማን ሊጠየቅ ነው? አምና እግሩ ላይ እባጭ ተደርድሮ ሲወጣበትም «በጋለ ብረት ተኩሰው» ብለው ሊጨርሱብኝ ነበር።

ውሃስ? ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይፈልጋል፤ ቧንቧችን በፈረቃ ነው። ደረቅ ጭድ ያለ ውሃ አንጀት ውስጥ ተጠቅጥቆ ሲቀር እኔ ተጠያቂ! ደግሞ በየሜዳው የምትጥሉት ፌስታል! የጓደኛዬ ፈረስ ጉራቻ ሞቶ ሲከፈት ምን እንደወጣ ያየ ያውቃል፣ አላወራውም።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ያቺ ሴትዮ ናት። ከነኩንታል ጤፏ ተጭና፣ በሒሳቡ ተከራክራ አስቀንሳ፣ መንገዱን ሁሉ «ጅራፍ የለህም እንዴ፣ ቶሎ በለው» ስትል ቆይታ፣ ስትወርድ ቁስሉን አይታ «አይ ጨካኝ!» ብላ ፎቶ አነሳችው። እሱ ቁስል የመጣው ከምን ሆነና እመቤቴ? ከጭነት እኮ ነው! ቢሾፍቱ ላይ ለፈረስ የማያዝን የለም፤ አዝኖ ሒሳብ የሚጨምር ነው የጠፋው። ባጃጅ ይሻላል ይሉኛል፣ መግዣውን ግን የሚሰጠኝ አላየሁም።

አሁን ቅድም ትንሽ ፋንድያ ጣለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም፣ ጎረቤት አፍሬ ተውኩት። ንጹህ ድርቆሽ የሚሸጥ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አረቄ የሚል ሰው ግን ብሎክ ነው የማደርገው፣ ዘመድም ቢሆን።