ያልተጠየቀ ዝውውር

ስለ ቅርጫት ኳስ ኮከቡ ሉካ ዶንቺች ዝውውር ስነግራቸው ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልጁ ስንት ተቀበለ?» ብለው ነው። ምንም አልተቀበለም አልኳቸው። «ለፊርማውስ?» ፊርማ የሚባል ነገር የለም ጋሼ፣ ሳይጠየቅ ነው የሄደው። ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። «ሳይጠየቅ? ሰው አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

አጎቴ ዝውውር ምን እንደሆነ ያውቃሉ። መምህር ነበሩ። ባለቤታቸው አዲስ አበባ፣ እሳቸው መቱ ሆነው ሰባት ዓመት የዝውውር ፎርም ሞልተዋል። በየክረምቱ ትምህርት ቢሮ ደጅ ጠንተዋል። ለሳቸው ዝውውር ሰው ለምኖ፣ አማላጅ ልኮ፣ ተራ ጠብቆ የሚያገኘው ነገር ነው። ኳሱም ቢሆን አገር ቤት እንደዚያው ነው፤ ተጫዋቹ ውሉን ይጨርስና ለፊርማ የተሻለ ወደሰጠው ክለብ ይሄዳል። ደጋፊው ይሰድበዋል እንጂ ውሳኔው የራሱ ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ዝውውር ራሱ ይመጣብሃል።

ቅርጫት ኳስ ለማይከታተል ነገሩ እንዲህ ነው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025 ሌሊት፣ ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ የዳላስ ማቨሪክስ ሉካን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሰጠው። ልጁ 25 ዓመቱ ነበር። ከስምንት ወር በፊት ቡድኑን እስከ ሻምፒዮናው ፍጻሜ ድረስ አድርሷል። በምትኩ የመጣው የ31 ዓመቱ አንቶኒ ዴቪስ፣ ማክስ ክሪስቲ የሚባል ወጣትና የሌከርስ የ2029 የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫ ነው፤ ድራፍት ማለት ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ልጆችን በተራ የሚመርጡበት ነው፣ ተራውም እንደ ዕቃ ይለወጣል። በቃ። ዴቪስ በመጀመሪያ ጨዋታው 26 ነጥብ አስቆጠረ፤ ጨዋታውን ሳይጨርስ ግን ተጎድቶ ወጣ።

ያን ሌሊት ሥራ ላይ ነበርኩ። አምስት ዓመት አጠገቤ ሲሠራ የኖረ ቴክሳስ ተወልዶ ያደገ ሰው አለ፤ ከሰላምታ አልፎ ስለ ቤቱ አውርቶኝ አያውቅም። ስልኩን ወደኔ ዘርግቶ «ይሄ እውነት ነው?» አለኝ። ከዚያ ካርቶን ላይ ተቀመጠና ዓይኑን በጓንቱ ጠረገ። በማግስቱ ልጄን ይዤ ወደ ስታዲየሙ ሄድኩ። ደጁ ላይ በቆመው የዲርክ ኖቪትስኪ ሐውልት ሥር አበባ ተከምሯል፣ ሬሳ ሳጥን ይዘው የመጡም ነበሩ። ሐውልቱ ሥር «ታማኝነት ፈጽሞ አይደበዝዝም» የሚል ቃል ተቀርጿል። ዲርክ በዚህ ከተማ 21 የውድድር ዘመን ተጫውቷል፣ ሌላ ቡድን አያውቅም። ልጄ የሉካን 77 ቁጥር ማሊያ ከካፖርቱ በላይ ደርቦ ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበው። የምመልስለት አጣሁ።

የኛ ሰዎች ይሄን ሁሉ ሐዘን አይተው «ፈረንጅ ለኳስ ያለቅሳል» ሲሉ ይቆጨኛል። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ተቀምጦ የጮኸ ሰው እንዲህ አይልም። እኔ የቡና ደጋፊ ነኝ። ቡና ፕሪሚየር ሊጉን ያነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2003 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2011። ዳላስም ሻምፒዮን የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚያው በ2011፣ በዲርክ ዘመን። ይህን ከተማ የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም። አንድ ዋንጫ ይዞ ዓመታት የሚኖር ሰው ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ተከራከርንበት ነገር ልምጣ። ዳላስ ሉካን ከሰጠ በኋላ ዕድል ፊቷን አዞረችለት፤ 1.8 በመቶ ብቻ ተስፋ የነበረውን የድራፍት ሎተሪ አሸነፈና ኩፐር ፍላግን፣ የ18 ዓመት ልጅ፣ አንደኛ አድርጎ መረጠ። በኖቬምበር ደግሞ ሉካን የሰጠው ሥራ አስኪያጅ ኒኮ ሃሪሰን ተሰናበተ። የዚያን ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ላይ ወሬያችን አንድ ሆነ፦ ለልጁ አጋር የሚሆን ሌላ ኮከብ በትሬድ፣ ማለትም በልውውጥ፣ ይምጣለት ወይስ ይጠበቅ? ከአምስታችን አራቱ ይምጣ አሉ። «ልጁ ብቻውን ምን ያድርግ? ዛሬ ማሸነፍ አለባቸው» ነው ክርክራቸው።

እኔ አይምጣ ባይ ነኝ። ኮከብ ጠልቼ አይደለም፤ በምን ሊከፍሉ ነው? የድራፍቱን መዝገብ እንይ። የ2027 ምርጫቸው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አንዱ ካልሆነ ለሻርሎት ነው። በ2028 ኦክላሆማ ሲቲ፣ በ2030 ሳን አንቶኒዮ የተሻለውን የመቀያየር መብት አላቸው። የራሳቸውን የ2029 ምርጫ ኪሪ ኧርቪንግን በ2023 ከብሩክሊን ሲያመጡ ሰጥተውታል። ኧርቪንግ ጎበዝ ነው፣ የሰጡት አላስቆጨኝም፤ ግን በማርች 2025 የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ዓመቱን ሙሉ አልጋና ወንበር ላይ ሲያሳልፍ ምርጫው ተመልሶ አልመጣም። አራት ዓመት ሙሉ ነገ የተያዘባቸው ሰዎች ናቸው፤ ሌላ ኮከብ ይምጣ የሚል ሰው ያለችውን ጥቂት ነገር አራግፎ ልጁን ባዶ ቤት ውስጥ ሊያስቀምጠው ነው።

ይሄ ሁሉ ስሌት መጀመሪያ ሲነግሩኝ ያስደነግጠኝ ነበር። የ2029 ምርጫ ማለት እኮ ዛሬ ገና ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ልጅ ማለት ነው። የልጄ እኩያ ነው። ስሙ አይታወቅም፣ ቁመቱ አልጨረሰም፣ ምናልባት እናቱ ጫማ ጠበበው ብላ እየተማረረች ነው፤ እሱ ግን ዋጋ ወጥቶለት ከቡድን ቡድን ዞሯል። በኋላ ግን ሌላው ገጽታው ገባኝና አስቀናኝ። እዚህ ነገ ዋጋ አለው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የክሊቭላንድ ባለቤት የነበረው ቴድ ስቴፒየን የቡድኑን የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ሲበትን ሊጉ ሕግ አወጣበት፤ ማንም ቡድን የወደፊት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን በተከታታይ ዓመታት ሸጦ ባዶ እጁን መቅረት አይችልም። ሕጉ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የሚመጣውን ዓመት ደጋፊ ከዛሬው ባለቤት የሚጠብቅ ሕግ ነው።

እኛስ? በ2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የተጫዋች ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር አይለፍ ብለው ተስማሙ። ስለ ደመወዝ ተጨቃጨቅን፣ ስለ ፊርማ ተጨቃጨቅን። ስለ ታዳጊው ማን ተጨቃጨቀ? ክረምት በመጣ ቁጥር የከተማ አስተዳደር በጀት ይለቀቃል፣ አሥር አሥራ ሁለት ተጫዋች ይፈርማል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይበተናል። ደደቢትን አስታውሱ። ስም ያላቸውን ልጆች ሰብስቦ በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2011 ከሊጉ ወረደ። ስድስት ዓመት ነው። ጨዋታቸው ያምር ነበር፣ ዛሬም ሲነሳ ደስ ይለኛል፤ ደስታው ላይ ግን የሚቀጥለውን ዓመት ያሰበ አልነበረም።

ወዳጆቼ ሁልጊዜ የሚያነሱብኝ ቶሮንቶን ነው፣ እውነታቸውን ነው። በፈረንጆቹ 2018 ቶሮንቶ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለውን ዴማር ዴሮዛንን ሰጥቶ ካዋይ ሌናርድን አመጣ። ዴሮዛን አልፈልግም ብሎ አያውቅም፤ ከተማዋን ቤቴ ያለ ሰው ነበር። ካዋይ አንድ ዓመት ተጫውቶ ሄደ። ግን በዚያ አንድ ዓመት ፊላደልፊያን በገጠሙበት ሰባተኛ ጨዋታ ያስቆጠራት ኳስ አራት ጊዜ ቀለበቱ ላይ ነጥራ ገባች፣ ዋንጫውም መጣ። ቶሮንቶ ያደረገው ልክ ነበር እላለሁ። በሩ ላይ ደርሶ በየዓመቱ የሚመለስ ቡድን አንድ ሰው ነው የጎደለው፤ የሰጠውም ዴሮዛንን፣ አንድ ወጣትና አንድ ምርጫ እንጂ ሙሉ አሥር ዓመቱን አልነበረም። ክሊፐርስ በ2019 ያደረገው ግን ሌላ ነው። ለፖል ጆርጅ ብሎ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደርንና አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ለኦክላሆማ ሲቲ ሰጠ። በ2025 ሻምፒዮን የሆነው ኦክላሆማ ሲቲ ነው፣ የዓመቱ ኮከብም ሼይ። ከእነዚያ ምርጫዎች አንዱ ጄለን ዊልያምስ ሆኖ አብሮት ዋንጫውን አነሳ። ዳላስ ዛሬ የትኛውን ይመስላል? በሩ ላይ የደረሰውን አይመስልም።

ይህን ያህል የምቆጨው ግን ለምርጫ ቁጥር ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት እኔም ተዛውሬያለሁ። እሑድ ማታ ልጆቼ ራት ላይ እያሉ በስልኬ አንድ መስመር ጽሑፍ መጣ፤ ከነገ ጀምሮ ሌላኛው መጋዘን ግባ። አርባ ደቂቃ የሚርቅ ነው። ለምን የሚል ቃል የለበትም፣ አምስት ዓመት የሠራህ ሰው የሚል የለበትም። ያ ቴክሳሳዊ ወዳጄን እንኳን አልተሰናበትኩትም። ሉካ ሚሊየነር ነው፣ ከኔ ጋር አይወዳደርም፤ እሱም ቢሆን ከዳላስ ጋር ቢቆይ ሊፈርመው ይችል የነበረው ወደ 345 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ውል አመለጠው። ግን ኤፕሪል 9 ወደ ዳላስ ሲመለስ፣ መብራቱ ጠፍቶ የሠራው ሁሉ በስክሪን ሲታይ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ በፎጣ ፊቱን ሲሸፍን አይቼ የሚያስለቅሰው ገንዘቡ እንዳልሆነ ገባኝ። በዚያ ምሽት 45 ነጥብ አስቆጠረብን። ልጄ ቆሞ አጨበጨበለት፤ ተቀመጥ አላልኩትም።

ጋሼ አሁን በደወልኩ ቁጥር ስለ ቡና ከማውራታችን በፊት «ያ ትንሹ ልጅ አለ?» ይሉኛል። ፍላግን ማለታቸው ነው።

አለ ጋሼ። እስካሁን አለ።