ክላውዘን በአንድ ሰዓት?

በደቡብ ጀርመን የምንኖር ኢትዮጵያውያን በየበጋው የምናደርገውን የአውቶቡስ ጉዞ የሚያሰናዳው ኮሚቴ፣ ዘንድሮ በሰሜን ጣሊያን፣ በደቡብ ቲሮል ለምትገኘው ትንሿ ከተማ ክላውዘን አንድ ሰዓት ብቻ መድቦ፣ ከከተማዋ በላይ ዐለት ላይ ወዳለው ዜበን ገዳም የሚያስወጣውን የእግር መንገድ ከመርሐ ግብሩ ሰርዞታል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ ከተማዋ አንድ ጎዳና እንደሆነች፣ ገዳሙም መነኮሳይያቱ ከለቀቁት ወዲህ የሚታይ ነገር እንደሌለው ገልጿል።

መነኮሳይያቱ እ.ኤ.አ. በ2021 መሄዳቸው እውነት ነው። ታዲያ እነርሱ ሲወጡ ዐለቱም አብሯቸው ወጣ? የሴቶች ገዳሙ የተመሠረተው በ1686 ሲሆን፣ ዜበን ግን የጳጳስ መንበር የነበረው መንበሩ በአቅራቢያው ወዳለችው ከተማ ብሪክሰን ከመዛወሩ በፊት፣ ማለትም የሴቶች ገዳሙ ከመመሥረቱ ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ ቀድሞ ነው።

ይልቁንም ያናደደኝ "አንድ ጎዳና" የሚለው ነው። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር በ1494 ገደማ ወደ ጣሊያን ሲጓዝ ያያትን ይህችን ከተማ ከጥቂት ዓመታት በኋላ "ኔሜሲስ" በተባለው የመዳብ ቅርጽ ኅትመቱ ውስጥ አስገብቷታል። ክንፍ ያላት አምላክ በአንድ እጇ ዋንጫ፣ በሌላው ልጓም ይዛ በኳስ ላይ ቆማለች፤ ከእግሯ በታች የክላውዘን ጣሪያዎች፣ ወንዙና ድልድዩ ከጥፍር ባነሰ መጠን ተቀርጸዋል። የኅትመቱ ቁመት 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቅርጹ ሲታተም ግራና ቀኙ ስለተገለበጠ፣ በመጀመሪያ ጉዞዬ ስልኬን ይዤ ጎዳናው ላይ ባነጻጽር ባነጻጽር አንድም ነገር አልገጥም አለኝ። ዳገቱን ወጥቼ ምስሉን ስገለብጠው ግን በዐለቱና በአይዛክ ወንዝ መካከል የተጣበቀችው ከተማ ቁልጭ ብላ ታየችኝ። ዱረር የሣላት ከላይ ሆኖ ነው፤ ከታች የሚያልፍ ሰው ያየው የዱረርን ከተማ ሳይሆን የሱቅ መስኮት ነው። ደብረ ዳሞ በገመድ የሚወጣበት አገር ልጆች በደረጃ የተሠራ ዳገት መፍራታችንም ያሳፍራል።

ዳገቱ ለአረጋውያን ይከብዳል ቢባል እቀበል ነበር። እነርሱም ቢሆኑ የስፔን ንግሥት ማሪያ አና በንስሐ አባቷ፣ በከተማዋ ተወላጅ በጋብርኤል ፖንቲፌዘር አማካይነት የሰጠችውን ንዋየ ቅድሳት በቀድሞው የካፑቺን መነኮሳት ገዳም ውስጥ ባለው ሙዚየም ተቀምጠው ቢያዩ፣ ኮሚቴው የቆረሰላቸው ሰዓት ለዚያ ብቻ እንኳ አይበቃም። በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር፣ ብሬነር ላይ ላለው የገበያ ማዕከል ግን ሦስት ሰዓት ተገኝቷል!

በመርሐ ግብሩ ሽፋን ላይ የታተመው ፎቶግራፍ ክላውዘንን ከላይ ያሳያል። የተነሣው ከተሰረዘው መንገድ ላይ ነው።