ለቤት ምርቃት ሄጄ ቤዝቦል አየሁ

ሐበሻ አሜሪካ ውስጥ ቤት ሲገዛ ቤቱን ሊያይ የማይመጣ ዘመድ የለም። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ጉብኝቱ ከሳሎን ይጀምርና ቤዝመንት ላይ ያበቃል። «ኸረ ይሄ ኪችን እንዴት ይሰፋል!» ይባላል። «ስንት ቤድሩም ነው?» ይባላል። ባለቤቱ እንዴት እንደሰነበተ፣ ሥራ ይኑረው አይኑረው፣ ብድሩን በምን እንደሚከፍል የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ቤቱ እያለ ሰውየውን ማን ያያል?

ይህን ነገር በሰፊው ያየሁት በፈረንጆቹ 2008 ነው። ባለ አዲሱ ቤት ደግሞ ሐበሻ አልነበረም። ናሽናልስ የሚባለው የዋሽንግተን ዲሲ የቤዝቦል ቡድን ነው።

ያኔ ዲሲ ውስጥ ታክሲ እነዳ ነበር። (አዎ፣ እኔም።) ናሽናልስ በ2005 ከሞንትሪያል ፈልሶ ሲመጣ የራሱ ቤት አልነበረውም። አርኤፍኬ የሚሉት፣ በ1961 የተከፈተ አሮጌ ስታዲየም ውስጥ ሦስት ዓመት ተጠግቶ ኖረ። በዚህ አላማሁትም። ሰው ሶፋ ላይ ሳይተኛ አሜሪካን የጀመረ ማን አለ? ኋላ ከተማው ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር አዲስ ስታዲየም ሠራለት። ግንባታው ሁለት ዓመት እንኳ አልፈጀም። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ የሚጠብቅ ወንድም ስለነበረኝ ይህችን በስልክ አላነሣኋትም።

ምርቃቱ መጋቢት 21 ቀን 2000 ዓ.ም. ሆነ። በእነሱ ማርች 30 ቀን 2008 መሆኑ ነው። እሑድ ማታ። ለእኛ ቀኑ ደብረ ዘይት፣ የሁዳዴው እኩሌታ ነው። ማርያምም ተደርባበታለች። ሆት ዶግ የሚበላበትን ቤት በእኩለ ጾም ማስመረቅ ምን ማለት እንደሆነ እነሱ ምን ያውቃሉ?

እኛ ታክሲ ነጂዎች ለዚያ ቀን ያልተዘጋጀነው ዝግጅት የለም። ስታዲየሙ 41 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። የመኪና ማቆሚያው ጥቂት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 41 ሺህ ሰው አለ፣ ማቆሚያ የለም፣ ታክሲ አለ። ዘጠነኛው መንገድ ላይ ካለ የሐበሻ ካፌ ተቀምጠን ገንዘቡን በአሳብ ሠርተን፣ በአሳብ አገር ቤት ልከን ጨርሰን ነበር።

ሰዉ በባቡር መጣ። የግሪን ላይን ጣቢያ ከስታዲየሙ አፍንጫ ሥር ነው። መኪና ያለው ደግሞ አሮጌው ስታዲየም ጋ በነፃ አቁሞ፣ በነፃ አውቶቡስ ተጭኖ መጣ። በዚያች ማታ 39,389 ሰው ገባ። ከዚህ ውስጥ እኔ ያደረስኩት ሁለት ነው። እነሱም ባልና ሚስት ናቸው።

ሥራው እንዲህ ሲሆን ወደ ካፌው ተመልሰን በቴሌቪዥን ማየት ጀመርን። ፕሬዚዳንት ቡሽ ቀይ ጃኬት ለብሰው የመክፈቻዋን ኳስ ሊወረውሩ ብቅ አሉ። ከሕዝቡ የሚያጨበጭብ አለ፤ «ቡ» እያለ የሚጮህም አለ። ኳሷ ከፍ ብላ ሄደች። ሰውየው ፈገግ እንዳሉ ገብተው ቁጭ አሉ። ካፌው ጸጥ አለ። ርዕሰ ብሔር ላይ ጮኾ፣ ራቱን በልቶ፣ ቤቱ የሚያድር ሕዝብ ሲያይ ሐበሻ ትንሽ ይከብደዋል። ሁላችንም በሩን አየን።

ከጥግ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።»

ጋሼ ነበሩ።

ጋሼን ላስተዋውቃችሁ። ዲሲ ውስጥ ታክሲ መንዳት የጀመሩት እኔ አገር ቤት ብስክሌት መንዳት ሳልጀምር ነው። የከተማዋን የዞን ካርታ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይወጡታል። ለማታውቁት፣ የዲሲ ታክሲ እስከዚያ ዓመት ድረስ ሜትር አልነበረውም። ከተማዋ በዞን ተከፋፍላለች። ተሳፋሪው የሚከፍለው ባቋረጠው ዞን ልክ ነው። መንገድ ቢዘጋ፣ መብራት ቢይዝ፣ ዋጋው ያው። ከንቲባ ፌንቲ ይህን አስቀርተው «ሜትር አስገቡ» አሉ። ሥራ አቆምን፣ ተሰለፍን፣ ጮኽን። በዚያው በ2008 የፀደይ ወራት ሜትሩ ገባ። ጋሼ እስከዛሬ ይቅር አላሉም። ሜትሩን «ይሄ ሳንቲም ለቃሚ» ነው የሚሉት።

ወደ ማታዋ ልመለስ። ዘጠነኛውና መጨረሻው ዙር ላይ ሁለት ለሁለት ናቸው። ራያን ዚመርማን የሚባል የ23 ዓመት ልጅ ኳሷን መትቶ ከአጥር ውጪ ሰደዳት። ሦስት ለሁለት። በቃ፣ አለቀ፤ ሰዉ አበደ። ለምርቃት ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። ያየ ሁሉ «ቤቱ ገዱ ነው» አለ።

ከዚያ ዘጠኙን በተከታታይ ተሸነፈ።

እንግዶቹ ሲወጡ ቤት ውስጥ የሚቀረው ያው የድሮው ቤተሰብ ነው። መጋረጃው ተቀየረ እንጂ ባልና ሚስቱ አልተቀየሩም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ተራ ጳጳስ አይደለም፣ ራሳቸው የሮማው ፖፕ ቤኔዲክት መጥተው እዚያው ሜዳ ላይ ቅዳሴ ቀደሱ። ጋሼ ዜናውን ሲሰሙ «አሁን ይለቃቸዋል» አሉ። አልለቃቸውም።

የቡድኑ ባለቤቶች ደግሞ በዚያው ዓመት ከከተማው ጋር በኪራይ ተወዛገቡ። «ቤቱ ገና አላለቀም፣ አንከፍልም» ነው ነገሩ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። የምድር ቤት ተከራይ ሆኜ «ሻወሩ ያፈሳል፣ ቆይ ይሠራና እከፍላለሁ» ስል የምሰማው ስድብ ትዝ አለኝ። ለካስ ቢሊየነርም እንደኛው ነው።

ሰኔ ላይ እኔና ጋሼ ቤቱን ልናይ ሄድን። ቤቱን ነው ያልኩት። ጨዋታውን ልናይ እንዳልሆነ ከአካሄዳችን ያስታውቃል። በዕለቱ የሚሸጥ የ5 ዶላር ቲኬት ነበር፤ ከእሱ ሁለት ገዛን። ጋሼ ሱፍ ለብሰዋል። ባዶ እጅ አይኬድም ብለው ዳቦ ሊይዙ ሲሉ ነው ያስቆምኳቸው።

ጉብኝቱ እንደ ደንቡ ተካሄደ። ግድግዳውን በእጃቸው ዳበስ አድርገው «ልስኑ ጥሩ ነው» አሉ። መጸዳጃ ቤቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለአካባቢ ተስማሚ ተብሎ የተመሰከረለት የመጀመሪያው የአሜሪካ ትልቅ ስታዲየም ይሄ ነው ስላቸው «ውሃ ይቆጥባል ማለት ነው?» ብለው ቧንቧውን ከፍተው ዘጉት። በግራ በኩል ከሜዳው ወዲያ የቼሪ ዛፍ ተተክሏል። ላይኛው ፎቅ ላይ ስንዞር አንድ ቦታ የካፒቶል ጉልላት ብቅ አለ። ፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃዎች ተገትረዋል። ጋሼ ቆሙ። «ወንዝና ጉልላት ካለበት ሰፈር ጋራዥ ፊት ለፊት የሚያቆመው ማነው?» እኔ አልሠራሁትም።

ከታች፣ ኳስ ከሚመታበት ቦታ ጀርባ፣ የስታዲየሙ ውድ ወንበሮች አሉ። ባዶ ናቸው። ያን ዓመት በቴሌቪዥን ሁልጊዜ የሚታየው የእነሱ ባዶነት ነበር። ጋሼ አንዴ አይተው ገባቸው። «ይሄ እንኳ የእንግዳ ሳሎን ነው» አሉ። ልክ ናቸው። ፕላስቲኩ ያልወለቀለት ሶፋ የሌለው ሐበሻ ቤት የት ይገኛል? እንግዳ ይቀመጥበታል ተብሎ ይገዛል፤ እንግዳው መጥቶ ኪችን ውስጥ ይቆማል።

ሆት ዶግ ልጋብዛቸው አልኩ። ሰልፉን አዩ። ዋጋው የተጻፈበትን ሰሌዳ አዩ። «የሐዋርያት ጾም ነው» አሉ። ጋሼ የሐዋርያትን ጾም የሚጾሙት ዋጋ ከተጻፈበት ሰሌዳ ሥር ሲሆኑ ብቻ ነው። ኦቾሎኒ ገዛን። ልጣጩን መሬት ላይ መጣል ይፈቀዳል ስላቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። ሲያምኑ ግን ቤቱን ሙሉ በሙሉ ወደዱት።

ጨዋታው ተጀመረ።

«ቆይ፣ ይሄ ልጅ ለምን እዚያ ተገተረ?»

«አንደኛ ቤዝ ነው፣ ጋሼ።»

«ከዚያስ?»

«ሁለተኛ ይሄዳል፣ ሦስተኛ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ያኔ አንድ ነጥብ ይሆናል።»

ኦቾሎኒ ፈለፈሉ። አሰቡ። «ሰዓቱስ ስንት ነው?»

«ሰዓት የለውም። እስኪያልቅ ነው።»

«ቢቆምም አይቆጥርም?»

«አይቆጥርም።»

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። ዓይናቸው በራ። «በዞን ነዋ!»

እኔ ሁለት ዓመት ለማስረዳት ያቃተኝን ጨዋታ በዚያች ደቂቃ ጨረሱት። ኳስ ወርዋሪው አራት ጊዜ ሲስትና መቺው ወደ አንደኛ ቤዝ እየተራመደ ሲሄድ «በነፃ አሳፈረው» አሉ። አንዱ ሮጦ ሁለተኛውን ቤዝ ሲሰርቅ «ሳይከፍል ወርዶ ሮጠ፣ ያዙት!» አሉ። ናሽናልስ ሦስት ሰው በሦስት ቤዝ አቁመው አንድም ሳያስገቡ ተራው ሲያልፍባቸው ግን ከልባቸው አዘኑ። «ሦስት ሰው ጭኖ መሀል መንገድ ላይ መጣል! መንጃ ፈቃዱን ነው የምነጥቀው።»

ከዚያ የእንግዳው ቡድን መቺ ኳሷን መታት። ሄደች፣ ሄደች፣ ከአጥሩ አለፈች። መቺው አራቱንም ቤዝ በእርጋታ ዞረ። ለታክሲ ነጂ ይህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ረጅም መንገድ፣ ባለሻንጣ ተሳፋሪ፣ ጠቀም ያለ ሒሳብ፤ የዳለስ ኤርፖርት ጉዞ። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ጮኹ።

«ዳለስ! ዳለስ!»

ከፊታችን የተቀመጠው ፈረንጅ ቀስ ብሎ ዞረ። ዳላስ መስሎታል። ለዲሲ ሰው ይህ ቁስል ነው። የድሮ ቡድናቸው ከ1971 በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ የሄደው ዳላስ አጠገብ ነው። 33 ዓመት ያለ ቡድን የተቀመጡት በዚያ ምክንያት ነው። ሰውየው የጋሼን ሱፍ አየ፣ ኦቾሎኒውን አየ፣ ምንም ሳይል ወደ ሜዳው ተመለሰ። እኔ ወደ ቼሪ ዛፎቹ አየሁ።

በአራተኛው ዙር እረፍት ላይ ሕዝቡ «ቴዲ! ቴዲ!» ማለት ጀመረ። ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። «ዘፋኙ መጣ እንዴ?»

አልመጣም። ከጥግ በር አራት ፕሬዚዳንቶች ወጡ። ትልልቅ ጭንቅላት የተደፋባቸው ሰዎች ናቸው፤ ዋሽንግተን፣ ጀፈርሰን፣ ሊንከንና ቴዲ ሩዝቬልት። በየጨዋታው ይሮጣሉ። ከአራቱ ቴዲ አሸንፎ አያውቅም። ሩጫው በ2006 ከተጀመረ አንድ ቀን እንኳ። አንዳንዴ ይወድቃል፣ አንዳንዴ መንገድ ይስታል፣ አንዳንዴ እየመራ መጨረሻው ላይ የማይሆን ነገር ይሆናል። ያን ዕለትም እንደ ልማዱ ቀረ።

«አንድም ቀን?» አሉ ጋሼ።

«አንድም ቀን።»

«ውጤቱን የሚያውጀው ማነው?»

«እኔ እንጃ። የስታዲየሙ ሰዎች።»

ጋሼ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «እኔና አንተ የመጣንበትን አገር ታውቃለህ። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ውድድር ሳይ ይገባኛል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ የናሽናልስ ሳይሆን የቴዲ ደጋፊ ሆኑ። ቡድኑ ተሸነፈም አልተሸነፈም ግድ የላቸውም። በየሳምንቱ «ቴዲስ?» ነው ጥያቄያቸው። ሰባተኛው ዙር ላይ ሕዝቡ ተነሥቶ ሲዘምር የብሔራዊ መዝሙር መስሏቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያደረጉትን አልተርክም፤ ያከብሩኛል፣ አከብራቸዋለሁ።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ በገባ ሰሞን፣ ናሽናልስ 12 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፉ። እኛ ሥጋ ጾምን፣ እነሱ ድል ጾሙ። መስቀል አልፎ በማግስቱ ዓመቱ ሲዘጋ 59 አሸንፈው 102 ተሸንፈዋል። ከ30 ቡድን 30ኛ። ቤቱን ሊያይ የመጣው ሰው ግን በዓመቱ ወደ 2.3 ሚሊዮን ደርሷል።

ጋሼን ያናደዳቸው የመጨረሻ መውጣታቸው አይደለም። ቀጥሎ የሆነው ነው። በዚያን ጊዜው የቤዝቦል ሕግ በሚቀጥለው ዓመት ወጣት ተጫዋች ሲመረጥ ቅድሚያ የሚያገኘው ውራው ነበር። ናሽናልስ በዚያ ዕድል ስትራስበርግ የሚባል ወርዋሪ አገኙ። በ2009ም እንደገና ውራ ወጡና ብራይስ ሃርፐርን ጨመሩ።

«እኔ ውራ ስወጣ ያገኘሁት አለንጋ ነው» አሉ ጋሼ። ሌላ አስተያየት አልሰጡም።

ዓመታት አለፉ። ታክሲውን ተውኩ። ጋሼም ጡረታ ወጡ። በ2012 ጥቅምት ሦስት በፈረንጆቹ፣ ሥራ ላይ እያለሁ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ማታ ኦባማና ሮምኒ የመጀመሪያውን ክርክራቸውን ሊያደርጉ ነው። ሐበሻ ሁሉ ከጧት ጀምሮ የሚያወራው እሱን ነው። አነሣሁት።

«አሸነፈ!» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ያለቅሱ እንደሆን አላወቅሁም።

«እንዴ፣ ጋሼ፣ ክርክሩ ገና ማታ አይደል እንዴ?»

«የምን ክርክር? ቴዲ ነው የምልህ!»