አሞኒያውን መልሰን አንበትነው
ሃይድሮጅን የነገ ነዳጅ ነው የሚለው ወሬ እኛም ዘንድ፣ ሰሜን ሸዋ ደርሷል። የጣርማ በርን ዳገት እያቃሰቱ የሚወጡት ከባድ መኪናዎች ከናፍጣ ተላቀው በሃይድሮጅን ይሂዱ የሚሉ አሉ። ጋዙን እንዳለ መያዝ አስቸጋሪ ስለሆነ በአሞኒያ (ሃይድሮጅን ከናይትሮጅን ጋር ተዋህዶ የሚሠራ ኬሚካል) ወይም በሌላ ፈሳሽ ኬሚካል መልክ እናስቀምጠው፣ ሲያስፈልግ እናወጣዋለን ይላሉ። በሳይንሱ በኩል ልክ ናቸው። የማያስኬደው ሒሳቡ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለማውጣት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። የተገኘው ጋዝ የሚይዘው ኃይል ግን 33 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ገና ከመነሻው ሲሶው ሄደ። ጋዙን ወደ አሞኒያ መቀየርም ሌላ ኃይል ይበላል። አሞኒያ ደግሞ በክብደቱ ሃይድሮጅን የሆነው 17.6 በመቶው ብቻ ነው። ስለዚህ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን መልሶ ለማግኘት ወደ 5.7 ኪሎ አሞኒያ መበተን፣ ማለትም ወደ ሃይድሮጅንና ናይትሮጅን መለየት ያስፈልጋል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ ጋዙ ይጣራል፣ ይታመቃል። መኪናው ላይ ያለው የነዳጅ ሴል (ሃይድሮጅኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መሣሪያ) ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውም የጋዙን ኃይል ግማሽ ያህሉን ነው። ዞሮ ዞሮ ጎማው ላይ የሚደርሰው መጀመሪያ ካፈሰስነው ኤሌክትሪክ ሩቡን እንኳ አይሞላም። ያንኑ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ባትሪ ብንሞላበት ከሁለት ሦስተኛው በላይ ለጉዞ ይውላል።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2020 ከብሩናይ ሃይድሮጅንን ቶሉይን ከተባለ ፈሳሽ ኬሚካል ጋር አዋህዳ በመርከብ አስመጥታለች። ከዚያ ድረስ በባሕር ላይ ሽቦ መዘርጋት ስለማይቀል ድካሙ ይገባኛል። እኛ ግን ኃይሉ አገራችን ውስጥ አለ፣ በሽቦም ይመጣል። ለመኪናው ሽቦውን እናጠናክርለት።

አሞኒያው ራሱ ግን ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ የሚሠራው ከእሱ ነው። የሞረትና ጅሩ ስንዴ፣ የደብረ ብርሃን ዙሪያ ገብስ ማዳበሪያ ይፈልጋል። ያ ማዳበሪያ እስካሁን በዶላር ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ዞሮ ነው የሚመጣው። ክረምት ሲቃረብ ገበሬው ኩንታል ዩሪያ ፍለጋ ከማኅበር ማኅበር ሲንከራተት ማየት ያንገበግባል። 1 ኩንታል ዩሪያ 57 ኪሎ ያህል አሞኒያ ይፈልጋል። በኤሌክትሪክ ቢሠራ ወደ 600 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። በተጨማሪም ከ70 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልገዋል። እሱም ከእጃችን አይርቅም፤ መስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚሁ እንሳሮ ነው። የሲሚንቶ ምድጃ ደግሞ በየቀኑ ይህንኑ ጋዝ ወደ ሰማይ ይለቃል።

ርካሽ ነው እያልኩ አይደለም። ጋዙን ከጭሱ ለይቶ መያዝ ገንዘብ ይጠይቃል። ውሃ የሚሰነጥቀው ማሽንም በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ መብራት እየጠፋ ግማሽ ቀን ከቆመ ወጪው አይመለስም። ጎዴ ላይ ከናይጄሪያው ኩባንያ ከዳንጎቴ ጋር የታሰበው የዩሪያ ፋብሪካም በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ስለሆነ በዋጋ ሊበልጠን ይችላል። ስለዚህ የሃይድሮጅን ፕሮጀክት ይዞ ወደ ሰሜን ሸዋ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ ሁለት ቁጥር ያሳየን። ኤሌክትሪኩን በኪሎዋት ሰዓት ስንት ይገዛዋል? በዓመት ስንት ሰዓት ሳይቋረጥ ያገኘዋል? ከዚያ በኋላ ስለ ኩንታሉ ዋጋ እንነጋገራለን።