ቅጠል አይቶ መሳል ለትንሽ ልጅ አይከብድም

ሰላም ለሁላችሁም፣ ስለ ኬጂ ልጆች ሥዕል ኮመንቶቹ ላይ እየተደጋገመ ያለ ነገር አለ፣ "ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቶ መሳል ስለማይችል መምህሯ ሰሌዳ ላይ ሠርታለት ይገልብጥ፣ ወይ የታተመ ቅርጽ ከለር ይቀባ" የሚል። በቅንነት እንደተባለ ይገባኛል ግን ትክክል አይደለም። የ4 እና የ5 ዓመት ልጅ እንደ ፎቶ አይስልም እንጂ ያየውን ልዩነት ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ይችላል፣ የሚጠበቀውም እሱ ብቻ ነው።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ ደሴ ላይ ቀላል ነው። ወደ ጦሳ ተራራ በኩል ወጣ በሉና ከነጭ ባህር ዛፍ ሁለት ቅጠል ቁረጡ፣ አንዱ ከጉቶ ላይ ከበቀለው ለጋ፣ አንዱ ከትልቁ ዛፍ። የአንድ ዓይነት ዛፍ ናቸው ብሎ ማመን ይከብዳል እኮ! ለጋው ሰፋ ያለ፣ ክብ ቢጤ፣ አመድማ ሰማያዊ ሆኖ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ግንዱ ላይ የተለጠፈ ነው፣ የትልቁ ደግሞ ረዥም፣ እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ። መጀመሪያ ልጁን ምንም ሳታሳዩት "ቅጠል ሳልልኝ" በሉት፣ ከዛ ሁለቱንም እጁ ላይ ስጡት፣ ይዳብሳቸው፣ ያሽታቸው፣ በጣቱ ዳር ዳራቸውን ይዙር፣ "የቱ ይረዝማል? የቱ ጎብጧል?" እያላችሁ ጠይቁትና እንደገና ይሳል። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ።

ሰሌዳ ብቻ የለመደ ልጅ ግን ቅጠል በተባለ ቁጥር ያቺኑ አንድ አረንጓዴ ቅርጽ ነው የሚደግማት፣ እጁ ላይ ያለውን አያየውም፣ ከመምህሯ ሥራ ጋር ካልተመሳሰለለት ደግሞ "አልችልም" ብሎ እርሳሱን ያስቀምጣል።