ለኢንቴል ብድግ በሉ!

የሰሜን ሸዋ ሰው ታማኝ ነው። ይህን የምለው ለማመስገን ነው። ከሥሩ ሌላ ነገር አለ ብሎ የሚጠረጥር ካለ ነገር ፈላጊ ነው።

ዓለም ኢንቴልን፣ የኮምፒውተር አንጎል የሆነውን ቺፕ (ፕሮሰሰር) የሚሠራውን የአሜሪካ ኩባንያ፣ ሲከዳ እኛ አልከዳንም። አፕል በ2020 "በቃኝ፣ የራሴን ቺፕ እሠራለሁ" ብሎ ጥሎት ሄደ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ኪሳራውም የፈረንጅ ነው።) በኖቬምበር 2024 ደግሞ ከዳው ጆንስ፣ ከዚያ የአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች ከሚቆጠሩበት መዝገብ፣ ስሙ ተፍቆ የሌላው ቺፕ ሠሪ የኤንቪዲያ ተጻፈበት። ከ1999 ጀምሮ የተቀመጠበት ወንበር ነበር። በዚያው በ2024 ኩባንያው 18.8 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። ፈረንጅ መቼም እንዲህ ነው፤ ሰው ሲወድቅ አያውቅም።

እኛ ግን ከመሐል ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከጣርማበር ወዲህም ወዲያም፣ ቃላችንን አላጠፍንም። ላፕቶፕ ሊገዛ የወጣ ሰው ዛሬም የሚጠይቀው ያችኑ አንዷን ጥያቄ ነው። "አይ ሰቨን ነው?" ሻጩ "አዎ" ካለ ነገሩ አለቀ። (ኢንቴል ፕሮሰሰሮቹን አይ ስሪ፣ አይ ፋይቭ፣ አይ ሰቨን እያለ በደረጃ ይሰይም ነበር።) ስንተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው፣ ስንት ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚካፈል ክፍል) አለው፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል እያለ የሚቀጥል ገዢ ካለ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ነው።

ስቲከሩን ደግሞ እዩልኝ። የላፕቶፑ ማጠፊያ ተሰብሮ በፕላስተር ተይዟል። ከኪቦርዱ ሁለት ፊደል ወልቋል። ቻርጀሩ ካልታጠፈ አይሠራም። ያቺ ትንሽ የ"ኢንቴል ኢንሳይድ" ስቲከር ግን ጥግዋን ይዛ ታበራለች። አቧራ እንዳይነካት በላይዋ ላስቲክ የለጠፈባትም አይቻለሁ። ባለቤቱን "ለምን አትልጣትም?" ማለት ነውር ነው። ሊሸጠው ሲል ምን ያሳይ?

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እኛ ክብር እናውቃለን። የድሮ ባላባት ርስቱ ሄዶ፣ በቅሎዋ ሞታ፣ ጢሰኛው ከእሱ የተሻለ የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ እንኳ በመንደር ሲያልፍ ብድግ ይባልለታል። ማን ቁጭ ይላል? አያቱ ማን እንደነበሩ ይታወቃላ! ኢንቴልም ለእኛ እንዲያ ያለ ጌታ ነው። የሚያርስበት መሬት ይኑረው አይኑረው የእኛ ጉዳይ አይደለም።

ዘሩም በእውነት አይታማም። ቤቱን በ1968 ያቆሙት ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር ናቸው። በ1971 ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ማይክሮፕሮሰሰር የሚባለውን 4004 አወጡ። በ1978 ደግሞ 8086 የሚባለው ፕሮሰሰር ተከተለ። ዛሬ ሱቅ የተደረደሩት የዊንዶውስ ላፕቶፖች አብዛኞቹ የዚያን የ8086ን ቋንቋ ነው እያሻሻሉ የሚናገሩት። እዚህ ላይ ሽሙጥ የለብኝም። ክብሩን ሠርቶ ያገኘ ቤት ነው። ስቲከሯ እንኳ በ1991 ስትጀመር ስለ እውነት ነበር የተለጠፈችው።

እዚህ ላይ ደብረ ብርሃን አንድ ኮምፒውተር ቤት ያየሁትን ላስገባ። አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው ገቡ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል። ሰውዬው ጋቢያቸውን አስተካክለው ለሻጩ ልጅ፦

"አይ ሰቨን ስጠኝ፣ ልጄ" አሉት።

"ጋሼ፣ አይ ሰቨን አለ፤ ግን አራተኛ ጀነሬሽን ነው። ይሄ አይ ፋይቭ ደግሞ ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው። ይሄ ይሻልዎታል።"

"ከሰባትና ከአምስት የቱ ይበልጣል?"

"ሰባት።"

"እንግዲያስ?"

ልጁ ሒሳብ ላይ ተረታ። እኔም ብሆን የምመልሰው የለኝም። ሰባት ከአምስት እንደሚበልጥ በሸዋ ብቻ ሳይሆን በካሊፎርኒያም የታወቀ ነው።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ያ የተመረጠው አይ ሰቨን 4600 ዩ በ2013 የወጣ ነው። ኮሩ ሁለት ብቻ ነው። የተናቀው አይ ፋይቭ 8250 ዩ የ2017 ነው፤ አራት ኮር አለው። ዊንዶውስ 11 በደንቡ ከኢንቴል ወገን ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 ነፃ እንክብካቤ ደግሞ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። እንግዲህ ልጅቷ ትምህርቷን የምትጀምረው በሩ በተዘጋበት ቤት ውስጥ ሆና ነው ማለት ነው። ግን ሰባት ነው! ይህን ማን ይወስድባታል?

ልጅቷ ቀስ ብላ "አባዬ፣ ራይዘንም አለ እኮ" አለች።

"ምን አለ?"

"ራይዘን።"

"እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?"

ሱቁ ዝም አለ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ እኔ ልመልስ። ራይዘን የሌላው ቺፕ ሠሪ፣ የኤኤምዲ ልጅ ነው። ኤኤምዲ በ1969 የተመሠረተ፣ ከኢንቴል በአንድ ዓመት የሚያንስ ታናሽ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኢንቴልን ፕሮሰሰር በፈቃድ እየሠራ ነበር የሚኖረው። ኮምፒውተር ሠሪው አይቢኤም "አንድ አቅራቢ ብቻ አላምንም" ስላለ ነው። ሎሌ ነበር ማለት ይቻላል። ጉድ የመጣው በ2003 ነው። ጌታው ኢታኒየም በሚባል በራሱ የ64 ቢት (ፕሮሰሰሩ ከበፊቱ 32 ቢት ይልቅ ሰፊ ቁጥርና ብዙ ሜሞሪ የሚይዝበት) መንገድ ሲዳክር፣ ሎሌው አሮጌውን ቋንቋ ወደ 64 ቢት አሳድጎ አቀረበ። ኢንቴል በዓመቱ የሎሌውን መንገድ ተቀበለ። ስለዚህ እኚያ አባት በገዙት አይ ሰቨን ውስጥ ዊንዶውሱ የሚሄደው "የማን ልጅ ነው?" የተባለው ሰው በቀየሰው መንገድ ነው። ይህን በሱቁ ውስጥ አልተናገርኩም። ጋቢ ለብሰው የቆሙ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

የታማኝነታችንን ጥቅም የሚክድ ደግሞ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምት ላይ እግር ሲቀዘቅዝ፣ ፋኑ አቧራ የበላ አሮጌ አይ ሰቨን ጉልበት ላይ ማስቀመጥ የመንዝ ባናን ያስንቃል። ሸዋ ሮቢት ላሉ ዘመዶቼ ግን አልመክርም።

አሁን ወደ ዋናው ውዳሴ ልግባ። ታማኝነታችን ለኢንቴል ምን አደረገለት? እረፍት ሰጠው። ከ2007 ገደማ እስከ 2017 ድረስ ኢንቴል ለተራው ገዢ የሚሸጠው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ጣሪያው አራት ኮር ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ! ስሙ ይቀየራል። ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ሶኬት ይቀየራል። "አዲስ ማዘርቦርድ ግዙ" ይባላል። ኮሩ ያው አራት ነው። እኛም ገዛን፤ አመሰገንን፤ ስቲከሯን ጠረግን። ጌታ ሲያርፍ ደግሞ አይቀሰቀስም። አፕል ለመጀመሪያው አይፎን ቺፕ ፈልጎ መጥቶ እንደነበርና አያዋጣም ተብሎ እንደተመለሰ የወቅቱ ሥራ አስኪያጅ ፖል ኦተሊኒ ኋላ በቁጭት ተናግረዋል። 10 ናኖሜትር የሚባለው አዲሱ የአመራረት ደረጃም ዘንድሮ ነው፣ ከርሞ ነው ሲባል ከርሞ በብዛት ገበያ የወጣው በ2019 ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ገዢው ካልጮኸ ማን ይቸኩላል?

ከዚያ በማርች 2017 ኤኤምዲ ስምንት ኮር ያለውን ራይዘን ይዞ መጣ። ዋጋውም የሚቀመስ ነበር። ከዳተኞች ተሰለፉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኢንቴል ስድስት ኮር አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ስምንት። አሥር ዓመት እንቢ ያለው ነገር በአንድ ዓመት ተኩል እሺ አለ። ያ ሻጩ ልጅ ለአባት ያቀረበው ባለ አራት ኮር አይ ፋይቭም የዚያ የግርግር ዓመት ፍሬ ነው። ከዚያ በፊት የዚህ ዓይነት ቀጫጭን ላፕቶፕ አይ ሰቨኑም ቢሆን ሁለት ኮር ነበረ።

እንግዲህ እኛ ታማኞቹ ዛሬ የምንጠቀምበትን ኮር ማን ገዛልን? ጥለውት የሄዱት። ብድግ ብለን የቆምነው እኛ፣ ዳረጎት የተቀበሉልን እነሱ። አንድ ቀን ከዳተኞችን ጠርተን ጠጅ ልንጋብዛቸው ይገባል።

ጭራሽ በ1994 የሆነውን ስሙ። ቶማስ ናይስሊ የሚባሉ የሒሳብ መምህር ፔንቲየም የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ሲያካፍል እንደሚሳሳት ደረሱበት። ኢንቴል መጀመሪያ ነገሩን አቃለለው፤ "ጉዳት እንደሚደርስበት ያስረዳ ይቀየርለታል" አለ። የዚያ አገር ገዢ ግን ባለጌ ነው፤ ጮኸ። ጋዜጣው ጮኸ፣ አይቢኤም ሽያጭ አቆመ። ኩባንያው መጨረሻ ላይ ለጠየቀ ሁሉ እቀይራለሁ ብሎ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣው። እኛ ብንሆን እንዲህ አናዋርደውም ነበር። "ማካፈሉ ቢሳሳት ምን አለ፣ ማባዛቱ ይበቃናል" እንል ነበር።

በ2024ም ዕድሉ ደርሶን ነበር። 13ኛና 14ኛ ጀነሬሽን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ቮልቴጅ ከልክ እያለፈባቸው ይበላሹ ጀመር። ኢንቴል ጋራንቲውን በ2 ዓመት አራዘመ፤ በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ በሚነሣው ፕሮግራም) የሚጫን ማስተካከያም አወጣ። አንዴ የተጎዳውን ግን ማስተካከያው አያድነውም። የእኛ ሰው ይህን በክብር አለፈው። ጋራንቲ ማለት በእኛ ገበያ "እዚሁ አብርተው ይዩት፣ ከበር ከወጣ አናውቅም" ማለት ነው። ባዮሱን ለመጫን ደግሞ መብራት መሐል ላይ እንደማይጠፋ እርግጠኛ መሆን ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ እርግጠኛ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

በኦገስት 2025 የአሜሪካ መንግሥት 10 በመቶ ገደማ የኩባንያውን ድርሻ ያዘ። ሰፈራችን ውስጥ ይህ እንደ ምሥራች ነው የተወራው። "አየህ! መንግሥት ያልጣለውን እኛ እንጥላለን?" ባላባት በቤተ መንግሥት ድርጎ ሲኖር አይተን እናውቃለንና ነገሩ እንግዳ አልሆነብንም።

በሌላ ወገን ደግሞ አዳዲሶቹ አሉ። እነዚህ ልጆች ኢንቴል ሲባል ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። "ራይዘን ካልሆነ አትንካው" ይላሉ። ምነው ሲባሉ "ራይዘን ነዋ!" ይላሉ። እነሱንም አመሰግናለሁ። ጌታ ቀየሩ እንጂ ሎሌነቱን አላጓደሉም። ራይዘን 5 7520 ዩ የሚባለውን በኩራት ያሳያሉ። በ2022 የወጣ ነው፤ ቁጥሩም ሰባት ሺህ ቤት ነው። በውስጡ ያለው የኮር ንድፍ ግን የ2019 ነው። ኤኤምዲም ከታላቁ የተማረው ቺፕ መሥራት ብቻ አይደለም።

ደግሞ ሁለቱ ወገኖች በጠላ ቤት የሚጣሉበት ዕቃ የትውልድ ቦታው አንድ እየሆነ ነው። ራይዘን በአብዛኛው የሚመረተው ታይዋን፣ ለሌሎች ቺፕ በሚያመርተው በቲኤስኤምሲ ፋብሪካ ነው። ከ2024 ወዲህ የወጡት አንዳንድ የኢንቴል ኮር አልትራ ፕሮሰሰሮችም ዋናው የስሌት ክፍላቸው የተሠራው እዚያው ቲኤስኤምሲ ነው። ጌታውም ሎሌውም የሰው እርሻ ላይ በእኩል ያርሳሉ። ይህን የነገርኩት አንድ ወዳጄ ለአፍታ አስቦ "ቢሆንም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" አለኝ።

ለሐቁ ያህል፣ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ኢንቴል ቢገዛ አልፈርድበትም። እዚህ ገበያ የሚገባው አብዛኛው እሱ ነው። ሲበላሽም ጠጋኞቹ ገላውን ያውቁታል፤ መለዋወጫው ከሌላ አሮጌ ይነቀልለታል። ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ራሙና ዲስኩ ደህና ከሆነ፣ አምስትም ይሁን ሦስት ያገለግላል። ይህን ምክር ግን ተቀባይ አላገኘሁለትም። ሦስት የሚል ስቲከር ይዞ ዶርም ውስጥ ማን ይገባል?

ኩባንያው ራሱ እኮ በ2023 "አይ"ዋን ከስሙ ለማውጣት ወስኗል። አዲሱ "ኮር አልትራ 7" ነው። እኛ ግን አልተስማማንም። "አይ የሌለው ሰባት ፎርጅድ ነው" ብሎ ዕቃ የመለሰ ሰው አውቃለሁ። ከባለቤቱ በላይ ለስሙ የቆመ ደንበኛ ሌላ የት ይገኛል?

እኚያ አባት አይ ሰቨናቸውን ይዘው ሲወጡ ለሻጩ ልጅ አንድ ሐሳብ አቀረብኩለት። ስቲከሩ ብቻውን ኢንተርኔት ላይ ይሸጣል፤ ለምን አንድ ጥቅል አታስመጣም አልኩት። ደህናውን ላፕቶፕ፣ አይ ፋይቩንም ራይዘኑንም፣ ለልጆቹ ስጥ፤ ሰባቷን ጥግ ላይ ለጥፈህ ለአባቶች አሳይ። ሁሉም ተከብሮ ይሄዳል።

ከት ብሎ ሳቀ።

"ጋሼ፣ እሱንማ ድሮ ጀምረነዋል" አለኝ።